ከሜልበርን ወደ ሸፓርተን ልንዛወር ነው፤ ልጆች ይዛችሁ ከትልቅ ከተማ የወጣችሁ እስኪ ምከሩን

እናት ከሰንሻይን (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን ሌሎች የጻፉትን ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው። ባለቤቴ ሸፓርተን (በዚሁ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ያለች የገጠር ከተማ) ውስጥ ቋሚ ሥራ አግኝቷል። ዓመታት በተባራሪ ሥራ ስንንገላታ ስለኖርን ደስታው ሦስት ሌሊት አላስተኛንም። በአራተኛው ቀን ልጆቹን ሰብስበን ስንነግራቸው ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ሦስት ናቸው፤ የ6፣ የ9 እና የ13 ዓመት። ትንሹ «እዚያ ካንጋሩ አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ አለ ስንለው ነገሩ ተጠናቀቀ። የመካከለኛው ጭንቀት የእግር ኳስ ቡድኑ ነው። ትልቋ ግን በሯን ዘግታለች። ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በ«እሺ» እና በ«አልፈልግም» ብቻ ነው።

የምጠይቃችሁ ስለ ቤት ኪራይ አይደለም፤ እርሱን አይተናል። የዕለት ኑሮውን ንገሩኝ። ጠዋት ልጆቹን ማን ያደርሳል? ማን ይመልሳል? ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ምን ይገባል? ቅዳሜ የት ይዋላል? አማርኛቸውስ? እዚህ ጎረቤቴ ሐበሻ ናት፤ ባለፈው ስታመም ሳምንት ሙሉ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ያመጣችልኝ እርሷ ናት። እዚያ ማን አለኝ?

የጎልበርን ዳር (ማክሰኞ እኩለ ሌሊት)

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ሸፓርተን ከገባን ሰባተኛ ዓመታችን ነው፤ ልጆቼ የ8 እና የ12 ዓመት ናቸው።

ከጠዋቱ ልጀምርልሽ። (ሰዓት የምቆጥረው በሐበሻ ነው፤ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ አልለቀቀኝም።) ትምህርት የሚጀምረው 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚለቀቁት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ። የእኛ ሰው ሥራ ግን ፋብሪካ፣ የፍራፍሬ እርሻ፣ ሆስፒታልና የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። እኔ ከንጋቱ 1 ሰዓት እገባለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ቀድሞኝ በ12 ሰዓት። ቤት የሚያምሱት እነዚያ መካከል ላይ የቀሩት ሁለት ሰዓታት ናቸው። ሜልበርን ሳለሁ ትምህርት ቤት የምመርጠው በውጤቱ ነበር። አሁን የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ «በሩን በስንት ሰዓት ይከፍታሉ? ብለህ ጀምር» እለዋለሁ። ከትምህርት ሰዓት በፊትና በኋላ ልጆች የሚያቆይ አገልግሎት ያለው ትምህርት ቤት አለ፤ የሌለውም አለ። ያለውም ቶሎ ይሞላል። የቤት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ።

ስለ አውቶቡስ፦ ከከተማው ወጣ ብላችሁ የምትከራዩ ከሆነና ለልጁ የሚስማማው ቅርብ ትምህርት ቤት 4.8 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከራቀ፣ የገጠሩ የትምህርት ቤት አውቶቡስ በነጻ ነው። (ይህ 4.8 የሚሉት ቁጥር ከየት መጣ እያልኩ ስገረም፣ የድሮው ሦስት ማይል መሆኑ ኋላ ገባኝ።) ማመልከቻው በትምህርት ቤቱ በኩል ይገባል። ሾፌራችን ደግ ሰው ነበሩ፤ መጠበቅ ግን አያውቁም። አንድ የሰኔ ጠዋት ልጄ አንድ እግሩን ተጫምቶ፣ ሌላውን ጫማ በእጁ ይዞ፣ ውርጭ ያነጣውን ሣር እየረገጠ ሲሮጥ አውቶቡሱ የኋላ መብራቱን አሳይቶን ሄደ። በዓመቱ ወደ ከተማ ገባን።

ሌላ፦ ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ሁለት ክፍሎችን አንድ ላይ ያስተምራሉ። ልጄ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሶ በሩ ላይ «3/4» ተብሎ የተጻፈበት ያው የአምናው ክፍል ሲመልሱት፣ ደገመ ብዬ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። አልደገመም። አራተኛ ክፍል ነው፤ ወንበሩ ብቻ ነው ያልተቀየረው።

ለትልቋ ልጅሽ፦ በሸፓርተንና በጎረቤቷ ከተማ በሙሩፕና የነበሩት አራት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ አንድ ተጠቃልለዋል። ስለዚህ የመንግሥቱ ምርጫ አንድ ነው፤ የሃይማኖት ተቋማት የሚያስተዳድሯቸውም አሉ። «ብቻዬን ጥቁር እሆናለሁ» ብላ ከሆነ ግን አትሆንም። ከኮንጎ፣ ከኢራቅ፣ ከአፍጋኒስታን የመጣ ቤተሰብ በየሰፈሩ አለ፤ አልባኒያውያኑማ ከብዙ ዘመን በፊት የገቡ ናቸው። የዮርታ ዮርታ ሕዝብ ደግሞ የምድሩ ነባር ባለቤት ነው። ሸፓርተን ትንሽ ናት እንጂ አንድ ዓይነት አይደለችም።

ቡና ቁርስ (ረቡዕ ጠዋት)

ምሳ ዕቃ ላልሽው እኔ ልመልስ። ቤንዲጎ ነው የምኖረው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የተማርኩት በእንባ ነው።

መጀመሪያ፣ ቆሎ ውስጥ ኦቾሎኒ እንዳትጨምሪ። በየክፍሉ አለርጂ ያለበት ልጅ አይጠፋም። እኔ በንጹሕ ልብ የላክሁት ቆሎ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ በማስታወሻ ተደግፎ ተመልሶልኛል።

ሁለተኛ። ልጄ የቋንጣ ፍርፍሯን በየቀኑ እንዳለ ትመልሰው ነበር። በእኛ ምግብ አፈረች ብዬ ደመደምኩ። ስለ ማንነት ስንት ንግግር አደረግሁባት መሰላችሁ! አባቷም በተራው አደረገባት። በሁለተኛው ወር ልጅቱ ሰልችቷት «እማዬ፣ አላፈርኩም። የምንበላው ዐሥር ደቂቃ ነው፤ ፍርፍር በማንኪያ ዐሥር ደቂቃ አይበቃውም» አለችኝ። ለካ ቁጭ ብለው የሚበሉት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሜዳ ይሮጣል፤ የሚበላ ልጅ ጨዋታው ያመልጠዋል። አሁን እንጀራውን ጠቅልዬ በሁለት ጣት ልክ እቆርጠዋለሁ፤ በጾም በምስር፣ በፍስክ በእንቁላል። በአንድ እጅ የማይበላ ነገር ምሳ ዕቃ ውስጥ አይገባም። ረፋዱ ላይ ደግሞ የፍራፍሬ ሰዓት ስላለ የተከተፈ ፖም ለብቻው አድርጊላቸው።

ባርኔጣ አትርሺ። በመጀመሪያውና በአራተኛው ተርም (የትምህርት ዓመቱ ሩብ ማለት ነው) ባርኔጣ የሌለው ልጅ ሜዳ አይሮጥም፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል።

የስልክ መልእክቶቹንም በየማታው አንብቢ፤ ሁሉ ነገር የሚነገረው በመተግበሪያ ነው። ባለፈው ነሐሴ የመጽሐፍ ሳምንት መሆኑን ያወቅሁት ከዋዜማው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ መስሎ ይሄዳል። ምን ላድርግ? ወንዱን ልጄን የአባቱን ጋቢ አሳጥፌ አለበስኩት፤ የመጥረጊያውን እንጨት ነቅዬ ዱላ አደረግሁለት። መምህርቱ «ከየትኛው መጽሐፍ ነው የመጣኸው?» ስትለው «ከአያቴ ስልክ» ብሎ መለሰላት። እሑድ እሑድ ደውላ ተረት የምትነግረው እናቴ ናት።

አወያይ (ረቡዕ ጠዋት)

ለማሳሰብ ያህል፦ የልጆችን ፎቶግራፍ፣ ሙሉ ስምና የሚማሩበትን ትምህርት ቤት እዚህ አትጻፉ። ከተማዎቹ ትንንሽ ናቸው።

ባለ ሌሊት ፈረቃ (ረቡዕ ከሰዓት በኋላ)

ከስዋን ሂል ነኝ። ልጅሽ የሚጫወተው እግር ኳስ የትኛው ነው? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በቪክቶሪያ ገጠር «ፉቲ» ሲሉሽ ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅም ትያዛለች። የእኛው ክቧ ኳስም አለች፣ ግን ቅዳሜን የያዘችው ያቺኛዋ ናት። ሴቶቹ ኔትቦል፣ ወንዶቹ ፉቲ (አሁን ሴቶቹም ፉቲውን ይዘውታል)፣ ወላጆች ወጥ ቤት። ከሜዳችን ውጪ ስንጫወት አንድ ሰዓት መንዳት የተለመደ ነው። ብርቱካን የሚቆርጥ አባት፣ ቋሊማ የሚጠብስ አባት፣ ሰዓት የሚይዝ አባት ያስፈልጋል። ቆሞ የሚያይ አባት የለም።

እኔን የጎል ዳኛ አደረጉኝ። ሕጉን አላውቅም ብላቸው «ቀላል ነው» ብለው ሁለት ነጭ ባንዲራ አስታቀፉኝ። በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ንጹሕ ካለፈች ስድስት ነጥብ ነው፤ ሁለቱን ባንዲራ ታውለበልቢያለሽ። ምሰሶ ከነካች ወይም በጎን ካለፈች አንድ ነጥብ፤ አንድ ባንዲራ። የጎረቤቴ ልጅ የመታት ኳስ ምሰሶውን ጨርፋ ገባች። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ጎል አግብቶ አያውቅም። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ እጆቼ ሁለቱንም ባንዲራ አነሡ። የተጋጣሚው አሠልጣኝ የተናገረውን አልጽፈውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሱቅ ስገባ በስሜ የሚጠራኝ ሰው በዛ። አንቺ «እዚያ ማን አለኝ» ላልሽው የእኔ መልስ ይኸው ነው። ልጆቼን ሁለት ጊዜ ከትምህርት ቤት ያመጣልኝ የዚያ ልጅ አባት ነው።

አሁን ግን ያለ ቀልድ፦ ዋና አስተምሪያቸው። ከመዛወራችሁ በፊት ጀምሪ። እዚህ ሙሬይ ወንዝ አለ፤ እናንተ ዘንድ ጎልበርን ወንዝና የመስኖ ቦዮች አሉ። ቦዩ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ያንሸራትታል፣ ውኃውም ከላይ እንደሚታየው አይደለም። የፈረንጁ ልጅ ከመናገሩ በፊት ይዋኛል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ጓደኞቻቸው ሲገቡ አብረው ይገባሉ። እኔ ራሴ በ41 ዓመቴ ከሕፃናት ጋር ገንዳ ገብቼ ተምሬያለሁ። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

የዊመራ ልጅ (ረቡዕ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ እናቴ። እዚህ የጻፉት ሁሉ ወላጆች ናቸው፤ እኔ ልጁ ነኝ። ከሆርሻም ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ ከ9 ዓመቴ ጀምሮ አደግሁ፤ አሁን 23 ዓመቴ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ የውጤት ወረቀት ሲመጣ አባቴ ገልብጦ ገልብጦ «ስንተኛ ወጣህ?» ይለኝ ነበር። እዚህ ስንተኛ የሚባል ነገር የለም። «በዕድሜው ከሚጠበቀው ጋር እኩል ነው» ይላል ወረቀቱ። አባቴ «ከሚጠበቀው ጋር እኩል ማለት ከስንት ልጅ ስንተኛ ነው?» እያለ ሦስት ዓመት ጠየቀኝ። እባክዎ ይህን ጥያቄ ለልጆችዎ አይጠይቁ፤ መልስ የለውም።

ከመምህራን ጋር ስብሰባ ሲኖር የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። መምህሬ «በክፍል ውስጥ ከመጠን በላይ ያወራል» ስትል እኔ «በክፍል ውስጥ በጣም ይሳተፋል» ብዬ ለአባቴ አስተረጎምኩ። አባቴ ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገናት። እርሷም ግራ ገብቷት አመሰገነችው። እንደዚያ ተግባብተው ሁለት ዓመት ኖሩ። ስለዚህ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎ አታስተርጉም። ትምህርት ቤት ለወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብ ይችላል፤ ለሌላው ጉዳይ በስልክ 131 450 የአገሪቱ የትርጉም አገልግሎት አለ፤ አማርኛ ብለው ይጠይቁ።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። ክፍሌ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ጸጉሬን ያልነካ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ለመንካት፣ አንዳንዱ ለመናቅ። ለአባቴ አልነገርኩትም። አባቴ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ነበር፤ በእኔ ጉዳይ እንዲነቃ አልፈለግሁም። እናቴ ዝም ስል «አኩርፏል፣ ይለቀዋል» ትል ነበር። የልጅዎን በር ማንኳኳት እንዳያቆሙ ብዬ ነው የምጽፈው።

አማርኛዬን በተመለከተ፣ ይህን ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ሆሄያቱን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ከፋብሪካ በሚያመጣው ካርቶን ላይ በማርከር እየጻፈ። ፈርሜ የማላውቀው ውል ነበር፤ በየቀኑ አንድ ፊደል ከነዘሮቹ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን።

ተመላሿ (ሐሙስ ጠዋት)

ሁሉም ጣፋጭ ጣፋጩን ስለጻፈ እኔ መራራውን ልጻፍ። ከተማዋን አልጠራም። በ14 ወር ተመልሰናል።

የመለሰን ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ነው። ልደት፣ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ሁሉ ሜልበርን ነው። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ልጆቹን መኪና ውስጥ አስተኝቼ እነዳለሁ፤ ሲመሽ ካንጋሩ መንገድ ስለሚያቋርጥ ዓይኔ ከመንገዱ ዳር አይነቀልም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ መልስ። የዓብይ ጾም ስምንት ሳምንት ነው፤ ስምንቱንም እሑድ ነድቻለሁ። ልጆቼ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ነዳጅ ማደያ ላይ ነበር። ቀርተን ስንውል ደግሞ ቡና አፍልቼ የምጠራው ሰው የለም። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ፖስታ ሲሳሳት ያመጣሉ። ሦስተኛውን ስኒ ግን የሚጠጣልኝ አልነበረም። ትልቁ ልጄ አማርኛ ሲሰማ መመለስ ያቆመው እዚያ ነው። ሜልበርን ቅዳሜ ጠዋት የአማርኛ ክፍል አለ፤ ገጠር ግን አማርኛ የማስተምረው እኔው ብቻ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ደክሞኝ ነበር።

አትሂጂ አልልሽም። ቋሚ ሥራ በየመንገዱ አይገኝም። ግን «ልጆች ይለምዳሉ» የሚለውን አትመኚው። ልጆቼ ለምደው ነበር፤ ያልለመድኩት እኔ ነኝ።

የጎልበርን ዳር (ሐሙስ ከሰዓት በኋላ)

ተመላሿ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዕቃ ካርቶን ውስጥ መክተት ጀምሬ ነበር። አንድ ነገር ግን ልቃወምሽ። በየሳምንቱ መመላለሱ ነው የጎዳሽ። አንድ እግር እዚያ፣ አንድ እግር እዚህ አድርጎ የሚኖር ሰው የትም ጎረቤት አያገኝም። እኛ በወር አንድ ጊዜ ብለን ቆረጥን። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የቀኑ ዋጋ ከሜልበርኑ ጋር እኩል ስለሆነ መኪናውን አቁመነዋል። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ካርታ እየተጫወቱ ይሄዳሉ።

ሰውየውን የምታውቂው ደግሞ በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ጎልበርን ሲሞላ፣ ስማችንን እንኳ የማይጠሩት የጎን ጎረቤታችን አዛውንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት በር ደበደቡ። የአሸዋ ከረጢት በጭነት መኪና ይዘው ነበር። መጀመሪያ የእኛን በር ነው የከለሉት፤ «ልጆች ያሉት እናንተ ጋ ነው» ብለው። ከዚያ ወዲህ በገና ድፎ ዳቦ እወስድላቸዋለሁ። አይወዱትም፤ ግን ይቀበሉኛል።

ተመላሿ (ሐሙስ ማታ)

በወር አንዱ ነው ያቃተኝ። እናቴ ሜልበርን ታማ ነበር። ይህንንም አብሬ መጻፍ ነበረብኝ።

የጎልበርን ዳር (ሐሙስ ማታ)

ይቅርታ አድርጊልኝ። እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ቡና ቁርስ (ዓርብ ጠዋት)

አንድ የረሳሁት፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ማግፓይ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ጎጆውን ሲጠብቅ በብስክሌት የሚሄድን ልጅ ከኋላ ያጠቃል። የልጆቹ ብስክሌት ቆብ ላይ እንደ ጃርት እሾህ የቆመ የፕላስቲክ ማሰሪያ ስታዪ አትደንግጪ፤ ለእርሱ ነው። ቀላሉ ዘዴ ከብስክሌቱ ወርዶ መሄድ ነው። ልጄ ግን ጃርት መሆኑን መርጧል።

እናት ከሰንሻይን (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ)

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ፤ የዊመራውን ልጅ መልእክት ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ከዚያ ሁለታችንም ለጊዜው አልተናገርንም። በዚያው ምሽት የትልቋን በር አንኳኳሁ። «ምንድን ነው?» አለች። ምንም፣ ብዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ስልኳን አየች። ከዚያ «እዚያ የራሴ ክፍል ይኖረኛል?» አለችኝ። እዚህ ከወንድሞቿ ጋር ነው የምትተኛው፤ ለካ እስካሁን አንዳችንም ይህን አልነገርናትም! ይኖርሻል አልኳት።

በዕረፍቱ ሄደን አየነው። ሐይቁ ዳር በቀለም ያሸበረቁ የላም ሐውልቶች አሉ፤ ከአንዷ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥታ ለጓደኞቿ «አዲሷ የቅርብ ጓደኛዬ» ብላ ላከች። ደስ ብሏት ይሁን ተናድዳ አልገባኝም። በወር አንድ ጊዜ በባቡር ሜልበርን መጥታ ጓደኛዋ ቤት ታድራለች የሚል ስምምነት ላይ ደርሰናል። ልጄን ሰው ቤት አሳድሬ አላውቅም፤ ተዋጠልኝ። ትንሹ ካንጋሩውን አይቷል፤ ግን መንገድ ዳር ሞቶ ነበርና ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ሞት ብዙ ተጠየቅን። የመካከለኛው ሞላላዋን ኳስ ሞክሯል፤ «ወዴት እንደምትነጥር ራሷም አታውቅም» ብሎናል።

የትምህርት ቤቱን በር አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ ሁለት ቦታ ቀርቶ ነበር፣ ይዘናል። በጥር መጨረሻ እንገባለን።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዴን ይዤ ልምጣ? የምንከራየው ቤት አሮጌ ነው፤ መብራቱን ያጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ።

የጎልበርን ዳር (እሑድ ማታ)

ይዘሽ ነይ። ስትጋግሪ ማሞቂያውንና የውኃ ማፍያውን አጥፊ፤ ካልሆነ እውነትም ይጠፋል። እርሾ ግን አታምጪ፤ በዚያ ሙቀት መኪና ውስጥ ይበላሽብሻል፤ ከእኔ ትወስጃለሽ። ስልኬን በግል ልኬልሻለሁ። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በፊት አትደውዪ፤ ሜዳ ላይ ነኝ። በሐበሻ ነው 9 ያልኩሽ።